የቆጣሪው ግድግዳ

ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የብርጓል ራሷ በአንደበቷ ከነገረችኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሌሊትም አልነበረም...

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አስር፣ ደብረ ማርቆስ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል።

አባቷ አቶ አማረ ፍልሰታን ሁልጊዜ ገዳም ገብተው ነበር የሚጾሙት። ያን ዓመት ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። ብቻቸውን በሚኖሩባት ቤት፣ በራቸውን ቀርቅረው ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሱባኤ ያዙ። ምግባቸው የተነከረ ሽምብራ፣ መብራታቸው ጧፍ። ስልክ የለም። ማንም እንዳያንኳኳ ብለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ከውስጥ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ጎረቤታቸው እትዬ ሥራነሽ ይሰሙና ደምበጫ ላለችው የብርጓል "ደህና ናቸው" ብለው ይደውሉላታል።

አንድም ቀን አልቀረም።

ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆና አይታ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ቆጣሪ አንባቢው አብይ የቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመብራት ቆጣሪ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

"እህቴ፣ ወፍጮ ተክላችኋል እንዴ?"

"ኧረ አባቴ ሱባኤ ላይ ናቸው። ጧፍ ነው የሚያበሩት።"

መዝገቡን ገለጠ...

"ነሐሴ አራት ላይ አንብቤ ነበር። ቁጥሩ ሲበዛባቸው የመብራት ኃይል ቢሮ ሰዎች ተሳስተሃል አሉኝ። ነሐሴ ስድስት ላይ መልሰው ላኩኝ። ስምንት ላይም። ዛሬም።"

"ለእኛስ ማን ነገረን?"

"እሱ የእኔ ሥራ አይደለም..."

ደሟ ፈላ። እዚያው ቆማ ወደ ቢሮው ደወለች።

"አዎ፣ ያልተለመደ ፍጆታ ተብሎ ተመዝግቧል" አለች ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ።

"ታዲያ ለምን አልደወላችሁም? ስልኬ እናንተ ጋ አለ አይደል?"

"የእኛ ድርሻ ንባቡን ማጣራት ነው። ደንበኛው በአካል ይምጡ።"

"ሱባኤ ላይ ናቸው እኮ ነው የምልሽ!"

"እንግዲያው ሲወጡ ይምጡ።"

ተዘጋ።

እስቲ ፍረዱ! ስድስት ቀን ሙሉ አውቀዋል። እርስ በርሳቸው ተጻጽፈዋል። ለባለቤቱ ግን ትንፍሽ አላሉም። የብርጓልን ንዴቷ እንባ እንባ አላት።

ያኔ ነው ቀና ያለችው...

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ይንጠባጠባል። የአባቷ ጣሪያ ደረቅ ነው።

ግድግዳው ሥር የጎረቤት ድመት ተጋድማ ተኝታለች።

የብርጓል አጥሩን አልፋ መዳፏን የግድግዳው ጭቃ ላይ አሳረፈች... ሞቋል።

"እትዬ፣ በሩን ልንሰብረው ነው" አለች፣ እትዬ ሥራነሽ ድምፅ ሰምተው ብቅ ሲሉ።

"ተይ ልጄ!" አሉ እትዬ ሥራነሽ በሹክሹክታ። "ሱባኤያቸውን ልታስፈርሺ? ትናንት እኮ መትተዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

አብይ በሩን በትከሻው ገጨው። ሁለቴ። በሦስተኛው ተከፈተ።

ሙቀቱ ፊታቸውን ገረፋቸው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልቶ ፍም መስሏል። አባቷ ከምድጃው ማዶ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወድቀዋል። ከግድግዳው ርቀው። የነሐሴ ብርድ በሽታ ሆኖባቸው ቀንና ሌሊት ሲሞቁ ኖረዋል። ለማንም አልተናገሩም።

አስከሬናቸው የዛሬም፣ የትናንትም አልነበረም።

ግድግዳው ላይ፣ በመቱ ቁጥር በከሰል እያሰመሩ ቀኑን ቆጥረዋል።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ስድስተኛ የለም።

ነሐሴ አራት ላይ አንድ ሰው ቢደውልላት ኖሮ በሕይወት ሳሉ ትደርስላቸው ነበር። 

"ታዲያ..." አሉ እትዬ ሥራነሽ አፋቸውን ይዘው፣ "እስከ ትናንት ማን ነው የመታው?"

አብይ ወጥቶ መስመሩን በፒንሳ ቆረጠው። ምድጃው ቀስ በቀስ ጠቆረ። ተመልሶ፣ ፒንሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

ስድስት ሰዓት ሞላ።

ኳ...

ኳ...

ኳ...

ከቆጣሪው በኩል ነው። ውጭ ማንም የለም።

ያን ቀን ግን ምቱ ሦስተኛው ላይ አላቆመም።