በትህትና የቀረበ ጩኸት

«ለሠራተኞች በሙሉ፦ ከዛሬ ጀምሮ ‹አስቸኳይ› የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ ደብዳቤዎቻችን ተሰናብቷል። ሰላምታና ምስጋና የጎደለውን ማናቸውንም ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ራሱ ለጻፈው ሰው ይመልሳል፤ ግልባጩንም ለሥራ አስኪያጁ ያደርሳል። ይህ ውሳኔ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አይመለከትም።»

ይህ ታላቅ ዐዋጅ የተለጠፈው በክትባት አከፋፋዩ ድርጅት የበረዶ ክፍል በር ጎን ነው። መርማሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እስከ ማኅተሙ አነበበችውና ወደ ሬሳው ገባች።

ሟቹ ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ ደርቋል። ክራቫቱ አልተፈታም። ጭኑ ላይ የሙቀት መመዝገቢያው ታብሌት አለ። ዕድሜውን የፈጀው የድርጅቱን የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች በማለዘብ ነው፤ ስድብ ይዘህለት ብትሄድ «ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት» አድርጎ ይመልስልሃል። ባልደረቦቹ «ካይንድሊ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ «በትህትና» እንደ ማለት።

መርማሪዋ እጆቹን አገላብጣ አየች። የጫማውን አፍንጫ አየች። የበሩን የውስጥ ገጽ በመዳፏ ዳሰሰች፤ አንድም ጭረት የለም።

«አባቴ፣» አለች ጥበቃውን፣ «ይህ በር ከውስጥ አይከፈትም እንዴ?»

«እጀታው ከተሰበረ ቆየ፣ ልጄ። የገባ ሰው ሽብልቅ ከሥር ይሸጉጣል። እሱማ ጠንቃቃ ነው፤ ሽብልቁን ሁለቴ ሳይረግጥ አይገባም።»

«ዛሬ ጠዋት ሲከፍቱት ሽብልቁ የት ነበር?»

«ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ተወርውሮ።»

የሟቹ ስልክ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ነበር። ታብሌቱ ደግሞ ከድርጅቱ ደብዳቤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በውስጡ ከትናንት አመሻሽ የቀሩ ሦስት ደብዳቤዎች ተገኙ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያው «ተቆልፎብኛል! ድረሱልኝ!» ይላል። ኮምፒውተሩ «እባክዎ ሰላምታና ምስጋና ጨምረው በድጋሚ ይላኩ» ብሎ መልሶታል። ሁለተኛው በደንቡ መሠረት ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ለሦስት ባልደረቦች ደርሷል፦ በመጀመሪያው አንቀጽ ጤንነታቸውን ይመኛል፤ በሁለተኛው ስላልተለየው ትብብራቸው ያመሰግናል፤ በሦስተኛው በአሁኑ ሰዓት በረዶ ክፍሉ ውስጥ እንደሚገኝና ከመካከላቸው አንዱ በሚመቸው ጊዜ በሩን ቢከፍትለት ምስጋናው ወሰን እንደሌለው ይገልጻል።

ሦስተኛው መልስ ነው። ከድርጅቱ የጋራ አድራሻ የመጣ፣ ሁለት መስመር፦ «እየመጣን ነው። ጠብቅ።»

የጋራውን አድራሻ ዘወትር የምትከፍተው ጸሐፊዋ ናት፤ የሟቹ ታናሽ እህት። ሁለት ፖሊሶች ካቴና ይዘው ከወንበሯ ጀርባ ቆመዋል።

«ደብዳቤው ደርሶኛል፣» አለች ሳትጠየቅ። «ሰላምታውን አየሁ፣ ምስጋናውን አየሁ። የወንድም ጋሼ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ጉዳዩ እስኪመጣ ሰው ያረጃል። ነገ አነበዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።» ዞራ ካቴናውን አየች። «ቤት ሳይመጣ ሲቀር ከጓደኞቹ ጋር ነው አልኩ። ማሰሩን ይሰሩኝ፣ ግድ የለኝም። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ገና አላወቅሁም። ‹እየመጣን ነው› ያለው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም! የይለፍ ቃሉን እኮ እኔ፣ የሽያጭ ኃላፊውና ሥራ አስኪያጁ ሦስታችንም እናውቀዋለን።»

ሁለተኛው ባለ ይለፍ ቃል የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ቀልደኛ።

«እኔ የካይንድሊን ደብዳቤ ላነብ? ‹በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎ› ሲል እንቅልፍ ይጥለኛል።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ምነው ባነበብኩት ኖሮ።»

«ትናንት ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«በረዶ ክፍሉ ሰሞኑን ተበላሽቶ እስኪጠገን የሕፃናቱ ክትባት ቀልጦብናል። አለቃ ክትባቱን ለሚልኩልን ፈረንጆች ‹መጠነኛ የሙቀት ለውጥ› ብለህ ጻፍ አሉት። እምቢ አለ! ካይንድሊ! ‹እምቢ› የሚባል ቃል መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«በጥልቅ ሐዘን ላይ ነን፣ እመቤቴ። ከሟቹ የመጣ ደብዳቤ ግን አላነበብኩም፤ ቢሮዬን ዘግቼ ሒሳብ ስመለከት ነበር። በትህትና ላሳስብዎ የምወደው፣ የጋራው አድራሻ ያለው በእህቱ እጅ መሆኑን ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም በጸሐፊዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታብሌቱን መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«የተቆለፈበት ሰው በር የማይደበድበው መቼ ነው?»

«የሚከፍትለት እየመጣ ሲሆን፣» አለ ጥበቃው።

«ቢደበድብ ይሰሙ ነበር?»

«ከመሸ ጀምሮ ወንበሬ በሩ ጎን እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ስለዚህ የገደለው ያ መልስ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጠብቅ ተባለ፣ ተቀምጦ ጠበቀ። ልደብድብ ባለ ጊዜ እጁ አልታዘዘውም።» ወደ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ዞረች። «አሁን ያንኑ ቃል ከጋራው አድራሻ ልላከው።»

ጻፈች። ኮምፒውተሩ መለሰው፦ «እባክዎ ሰላምታና ምስጋና ጨምረው...»

ከሽያጭ ኃላፊው ኮምፒውተር ላከች። ያም መለሰው።

«የቀረው የእርስዎ ነው። ይፈቅዳሉ?»

«ደንቡ የእኔን ቢሮ አይመለከትም፣» አለ ሥራ አስኪያጁ ኮስተር ብሎ። ከአፉ የወጣውን የሰማው ዘግይቶ ነው።

«በሩ ላይ አንብቤዋለሁ።» ላፕቶፑን አስመጥታ የደረሱትን ደብዳቤዎች ቃኘች፤ ከዚያ ሁለቱን መስመር ላከች። ታብሌቱ ጭር ባለው ክፍል ውስጥ ጮኸ።

«ሰላምታ የሌለው መልስ የሚያልፈው ከዚህ ብቻ ነው። ሟቹ ትናንት በሕይወቱ አንዴ ሳያለዝብ ለላኪዎቹ ጽፎ ነበር፦ ‹ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ለሕፃን እንዳይሰጥ።› ትህትና ስለጎደለው ኮምፒውተሩ መለሰው፤ ግልባጩ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። እሱ ናሙና ሊያወጣ ሲገባ ሽብልቁን ነቀሉ። ‹ድረሱልኝ› ሲልም ግልባጩ ደረሰዎት። ሁለቱም እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ተከፍተው ተነብበዋል።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ይዘው ጠረጴዛውን ዞሩ። እህትየው መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት።

«እንግዲያው እኔ...»

«አልገደልሽውም። ሦስተኛውን አንቀጽ ብታነቢ ግን ይኖር ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ እህቴ፤ አንዱን ላንሣልሽ አልችልም።»

እህትየው ተነሣች። እስከ ትናንት «እርስዎ» ስትለው ከኖረችው ሰው ፊት ቆመች።

«በሩን ስትዘጋበት ዞሮ አይቶሃል? ምን አለህ?»

ሥራ አስኪያጁ በታሰሩ እጆቹ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ማብራሪያ አልሰጥም።»