የታመመችበት ሰኞ

ትዕዛዝና ቶማ የተዋወቁት ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወዳደሩ ነው።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከገበሬ ዝንጅብልና ቦሎቄ እየሰበሰበ የሚሸጥ አንድ የግል ድርጅት የገበሬዎች ግንኙነት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። የሚቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለጽሑፍ ፈተናው የመጣው ወጣት ግን የድርጅቱን መጋዘን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ፈታኙ ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ማንበብ እንደጀመረ በዳሞታ ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደና ድምፁን ዋጠው።

«ሦስተኛው ጥያቄ ምንድን ነው ያለው?» ሲል ከትዕዛዝ ጎን የተቀመጠው ወጣት በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እኔ ገና ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው» አለች ሳትዞር።

ወጣቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ፈታኙ ቀና ብሎ ሲያየው አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ትዕዛዝ ያን ጊዜ ነው ዞራ ያየችው። ከፈተናው በኋላም ዝናቡ አልቆም ብሎ ሁለቱ በረንዳው ጥግ ተጠግተው ብዙ ተጫወቱ።

ቶማ የሶዶ ልጅ ነው። ግብርና ተምሮ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አላገኘም፤ የእናቱን ሱቅ ይጠብቃል። ትዕዛዝ ከሶዶ ወጣ ብላ የምትገኘው የገሱባ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ይስሐቅ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሷም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ከገባች ቆይታለች። ሲለያዩ ስልክ ተለዋወጡ።

የፈተናው ውጤት ሲለጠፍ ለኢንተርቪው ያለፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ትዕዛዝና ቶማ።

ውጤቱን ባዩበት ዕለት ጁስ ቤት ገቡ። በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ያያል፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንገታቸውን ይሰብራሉ።

«እኔ ካለፍኩ ትጠይኛለሽ?» አላት።

«ካለፍክ ጁስ ትጋብዘኛለህ። እኔ ካለፍኩ ደግሞ ስለ አንተ አስብበታለሁ።»

«ለምን ከማለፍሽ በፊት አታስቢበትም?»

ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች። በዚያች ሰዓት በመንገዱ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቀስ ብላ አለፈች። የመኪናዋ ባለቤት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌታነህ ነበሩ። ሁለቱን ተወዳዳሪዎቻቸውን አብረው ሲስቁ አዩ። እነሱ ግን አላዩዋቸውም።

ኢንተርቪው የተቀጠረው ለሰኞ ነው። ቅዳሜ ትዕዛዝን ብርድ ብርድ አላት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ወባ ነው ተባለች። መድኃኒቱን ጀምራ እሑድን ይሻለኛል እያለች አሳለፈች። ከሰዓት በኋላ ቶማ ደውሎ ጥርሷ ሲንገጫገጭ በስልኩ ውስጥ ሰማ። ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ በሩ ድረስ እንኳ መድረስ አልቻለችም።

ቢሮ በሚከፈትበት ሰዓት ለአቶ ጌታነህ ደወለች። ከመደወሏ በፊት ውሃ ጠጣች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። በጨዋ ድምፅ ለማናገር የቀራትን አቅም ሁሉ አሰባሰበች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ትዕዛዝ ይስሐቅ ነኝ፤ ዛሬ ኢንተርቪው ያለኝ። ወባ ይዞኝ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሌላ ቀን ቢያደርጉልኝ ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የያዘሽ?»

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልደወልሽም?»

«ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«ድምፅሽ እኮ ደህና ነው።»

በመከራ ያስተካከለችው ድምፅ እንደ ውሸት ተቆጠረባት።

«በይ ሐሙስ ነይ፤ የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ» ብለው ዘጉት።

አቶ ጌታነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አንድ ጊዜ ተታልለዋል። ታምሜያለሁ ብሎ ኢንተርቪው ያዛወረ ሰው ያን ዕለት ሐዋሳ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲወዳደር ውሎ፣ በኋላ እሳቸው ጋ ተቀጥሮ፣ ሥራውን ሳይለምድ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ታመምኩ የሚላቸው ተወዳዳሪ ሁሉ የሌላ ቢሮ በር ላይ ቆሞ የሚደውል ይመስላቸዋል።

«ሰው ይታመማል እኮ» አሉ አብረዋቸው የሚጠይቁት የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

«ይታመማል። ግን ሌላው ከተጠየቀ በኋላ መጠየቅ ደግሞ ይጠቅማል። ልጁ ጓደኛዋ ከሆነ ሐሙስ የምትመጣው ጥያቄውን በቃሏ ይዛ ነው። አብረው አይቻቸዋለሁ። እስቲ ልጁን ጠይቀን እንየው። አብረው ያሴሩት ከሆነ ሁለቱንም ነው የምሰርዘው።»

ቶማ በሩ አጠገብ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። አብረው አይቻቸዋለሁ ያሉትን አልሰማም፤ መጨረሻ ላይ ‹ያሴሩት› እና ‹የምሰርዘው› የሚሉት ቃላት ግን ጆሮው ገቡ። ወዲያው ተጠርቶ ገባ።

የሥራውን ጥያቄዎች በደንብ መለሰ። ሲጨርሱ አቶ ጌታነህ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ።

«ትዕዛዝ የምትባለዋን ተወዳዳሪ ታውቃታለህ?»

ሲመጣ፣ ከጠየቁኝ በእውነት ታማለች እላለሁ ብሎ ነበር። አሁን ግን አውቃታለሁ ካለ ስሟን የሚሰርዙ መሰለው።

«አላውቃትም» አለ።

«በመልክም?»

«በመልክም።»

አቶ ጌታነህ ፈገግ አሉ። ቶማ ፈገግታውን ለበጎ ተረጎመው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ደወለላት። ትኩሳቷ ትንሽ በርዷል።

«ለመቼ አዛወሩልሽ?»

«ለሐሙስ። ምን ጠየቁህ?»

«እሱን አልነግርሽም፣ ትዕዛዝ።»

«እንዴ! ለምን?»

«ከነገርኩሽ ማጭበርበር ይሆናላ።»

ልክ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ቅር አላት። «ስለኔ አንስተው ነበር?» ብላ ስትጠይቀው ደግሞ ቶማ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ብዙም አይደለም» አለ። ስልኩን ከዘጋች በኋላም ያ ዝምታ ከውስጧ አልወጣም።

ሐሙስ ዕለት እግሯ ሳይጸና ከገሱባ ተነሳች። ሚኒባሱ በጭቃው መንገድ ሲንገላታ ራሷን በመስኮቱ ላይ አስደግፋ ሶዶ ደረሰች። ከጠያቂዎቹ ፊት ስትቀመጥ ግን በረታች። ገበሬው ዋጋ ወደቀብኝ ብሎ ዝንጅብሉን አልሸጥም ቢል ምን እንደምትይው ንገሪን ሲሏት፣ አባቷ ጓሮ እንደተቀመጠች ሁሉ በወላይትኛ ጭምር አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ሳቁ። ያመጣችውን የሐኪም ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር አቶ ጌታነህ ገለበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን» አሉ። ቀጥለውም «ቶማን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምንሽ ነው?»

ፊቷ ጋለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማንም ቀርቦላት አያውቅም። «ጓደኛዬ ነው» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከጓደኛ በላይ ሆኖ ተሰማት።

«እሱ እኮ በመልክም አላውቃትም ብሎናል።»

አቶ ጌታነህ መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ጥያቄዎቹን ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም። እኔ ጠይቄው ነበር። እምቢ አለኝ።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ቀና ብለው አተኩረው አዩዋት። አቶ ጌታነህ ግን እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ምናልባትም ሁለታችሁም። ጨርሰናል።»

ቶማ የድርጅቱ በር ላይ ብርቱካን ገዝቶ ይጠብቃት ነበር።

«እንዴት ነበር? ደከመሽ?»

«ለማታውቃት ሴት ብርቱካን ትገዛለህ?» አለችው።

«ትዕዛዝ፣ ላስረዳሽ። የሚሰርዙሽ መስሎኝ…»

አላዳመጠችውም፤ ባጃጅ አስቆማ ገባች። በመንገዷ ሁሉ ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ጥያቄውን ያልነገራት ለሐቅ ብሎ ነው ወይስ እንድትወድቅለት? ለመቼ አዛወሩልሽ ብሎ የጠየቃት ጨንቆት ነው ወይስ ሊሰልላት? በረንዳው ላይ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ማየት ምን ነበር? አንድ ጊዜ መጠርጠር ከጀመረች በኋላ ደግ ነገሩም ክፉ መሰላት። በሚቀጥሉት ቀናት ሲደውል አላነሳችለትም።

ቶማ በማግሥቱ ዓርብ አቶ ጌታነህ ቢሮ ሄደ። ወይዘሮ ሳህሊቱም እዚያው ነበሩ።

«ዋሽቻለሁ» አለ ቆሞ። «ትዕዛዝን አውቃታለሁ። እሑድ ስደውልላት ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ነበር። ስሟን የምትሰርዙባት መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን እንድናደርግልህ ነው?»

«ለኔ ምንም። ከውድድሩ ወጥቻለሁ። ለሷ ግን ሌላ ጥያቄ አውጥታችሁ እንደገና ጠይቋት። የኔን ጥያቄ ነግሬያት ከሆነ በአዲሱ ትወድቃለች።»

አቶ ጌታነህ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ይሄንንም ተመካክራችሁበት ይሆናል።»

«ስልኬን እንኳ አታነሳም» አለ ቶማ።

አነጋገሩ ወይዘሮ ሳህሊቱን አሳዘናቸው። «አቶ ጌታነህ፣ የምታጭበረብር ልጅ ጥያቄውን ለምኜው ነበር ብላ በራሷ ላይ አትመሰክርም። ስትገባም እግሯ ገና እንዳልጸና አይተናል። እንደገና ብንጠይቃት ምን ይቀርብናል?»

አቶ ጌታነህ «ይሁን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ይሁን አይልም ነበር።

ቅዳሜ ቶማ ገሱባ ወረደ። ቤቱን ጠይቆ ሲደርስ አቶ ይስሐቅ እንሰቱ ሥር ይሠሩ ነበር። ሰላምታውን ተቀበሉ፤ ግባ ግን አላሉትም።

«ልጄን አላውቃትም ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ታዲያ የማን ቤት መጣህ?»

ቶማ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ልጠይቃት ነው።» ከዚያም ሁሉንም ነገራቸው፤ የሰማውን፣ የዋሸውን፣ ከውድድሩ መውጣቱን።

«መውጣትህን ማን ያረጋግጥልኛል?»

«አሁን ማንም የለም። ለኢንተርቪው እንደገና ሲጠሯት ያውቁታል።»

አቶ ይስሐቅ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ትዕዛዝ ከውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። እናቷ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ በሳህን ስታወጣ ትዕዛዝ ተቀበለቻትና ራሷ ይዛው መጣች። አባቷ መቆፈሪያቸውን አንስተው ራቅ አሉ፤ ከዓይናቸው ግን አልለቀቋቸውም።

«ያን ዕለት ማታ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«አፈርኩ።»

«የተናደድኩት በሥራው ምክንያት ይመስልሃል?»

ቶማ ቀና አለ።

«ጓደኛዬ ነው ስላቸው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቶማ። ታምሜ፣ ደክሞኝ፣ እሳቸው እንደዚያ እያዩኝ እንኳ ደስ ብሎኝ ነው አፌን ሞልቼ የተናገርኩት። ወዲያው አንተ እንደማታውቀኝ ነገሩኝ።»

ዓይኑ እንባ ሲያቀር አየች፤ ልቧ ግን ያን እንባ እንኳ ለማመን ፈራ።

«ብላና ሂድ፤ መኪና ያልቅብሃል» አለችው።

በሳምንቱ ከድርጅቱ ተደውሎ ለኢንተርቪው እንደገና ተጠራች። ጥያቄዎቹ ሁሉ አዲስ ነበሩ። በጥሩ ሁኔታ መለሰችና ተቀጠረች። ስትወጣ ወይዘሮ ሳህሊቱ ኮሪደሩ ላይ ይዘዋት «ያ ልጅ ቢዋሽም፣ መልሶ መጥቶ እዚህ ቆሞ ዋሽቻለሁ ያለ ሰው እኔ አላየሁም» አሏት።

አቶ ጌታነህ ግን ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ይከተሏት ነበር። መስክ ወርዳ ስትዘገይ ገበሬው ጋ ደውለው ያጣራሉ። ራሷን ቢያማት እንኳ ፈርታ ሥራ ትገባለች። ግንቦት ላይ እሳቸውን ራሳቸውን ወባ ጣላቸው። ሲመለሱ ከስተው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር። በጠረጴዛዋ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ለካ ወባ እንዲህ ክፉ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጣራቱን ተዉት።

ቶማ ሻንቶ በምትባል የወላይታ ከተማ ውስጥ የግብርና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሥራ አገኘ። ትዕዛዝ በገበያ ቀን ከገበሬዎች ጋር ለመነጋገር ሻንቶ ትሄዳለች። መጀመሪያ በሩቁ ሰላም ይላት ነበር። ቆይቶ አብረው ምሳ መብላት ጀመሩ። ይቅር በዪኝ እያለ አላስጨነቃትም፤ የጠየቀችውን ሁሉ ይመልስላታል፤ የሚያሳፍረውንም አይደብቃትም። አንዳንዴ መልሱን የምታውቀውን ነገር ሆን ብላ ትጠይቀዋለች። እየፈተነችው መሆኑ ይገባዋል፤ አይቆጣም።

ነሐሴ ላይ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ገበያው እንደተበተነ ወደ ሶዶ በሚመለስ ሚኒባስ አብረው ተሳፈሩ። ትዕዛዝ ከጠዋት ጀምሮ ስትዞር ውላ ደክሟት ነበር። ከጥቂት መንገድ በኋላ ሳታውቀው ራሷ ቶማ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱ ደነዘዘ፤ ሆኖም ቦታ አልቀየረም።

ስትነቃ ሚኒባሱ መናኸሪያ ቆሟል። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ወርዷል።

«ደረስን እንዴ?»

«ከደረስን ቆየን።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«እኔ አጠገብ እንደዚህ ተረጋግተሽ አይቼሽ አላውቅም።»

ትዕዛዝ ነጠላዋን አስተካከለች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ዕቃ የሚጭነውን፣ ባጃጅ የሚጠራውን፣ የሚጣደፈውን ሕዝብ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ቶማ፣ ጊፋታ ሲደርስ ሽማግሌ ላክ።»

ቶማ የሰማው ቃል እውነት መሆኑን ከፊቷ ለማንበብ ሞከረ። እሷ ቀድማ ወረደች፤ በሩ አጠገብ ቆማም እጇን ዘረጋችለት።