ከገጹ ውስጥ የቀረ ማስታወሻ

ልጅቷ በአባቷ ማተሚያ ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መጻሕፍት ትሰፋ ነበር። መርፌው በእጇ ነው እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ልቧ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ልጅ ዘንድ ነበር።

የማተሚያ ቤቱን ድረ ገጽ ሊሠራ የመጣ ነው። ዝምታው የጉድ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ «ዝምተኛው» ይለዋል። ምላሱ የሚፈታው ስለ ሥራው ሲጠይቁት ብቻ ነው፤ እሷም ይህን ስለደረሰችበት ቀን በቀን ትጠይቀዋለች።

«እነዚህ ሹል ቅንፎች ምንድን ናቸው?»

«ምልክቶች ናቸው። ይሄ ርዕሱ እዚህ ይጀምራል ይላል፤ ያኛው እዚህ ያበቃል። የከፈትሽውን መዝጋት ነው ዋናው።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ቃል። ኋላ ሰው ጌጥ አማረው። ቀለሙንም የፊደሉንም መጠን ከጽሑፉ ጋር ቀላቅለው፣ አንዲት ቀለም ለመቀየር ቀኑን ሙሉ ፍለጋ ሆነ። ሲመርራቸው ጌጡን ለብቻው አወጡት። አሁን ጽሑፉ ምን እንደሆነ ብቻ ይናገራል።»

«እንደ መጽሐፍና ሽፋኑ በለኛ!»

ሳቀ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የማተሚያው መኪና ብቻ ከወዲያኛው ክፍል እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማ ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ እንደ ሕልም አለፈ። ምልክቶቹን ሁሉ አስተማራት፤ ከምልክት ወዲያ ግን ፍንክች አላለም። ከዚያ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። የመጨረሻው ቀን ልትጠይቀው ከኋላው ስትመጣ፣ የሚጽፈውን በድንጋጤ አስቀምጦ ተነሣና «ደህና ሁኚ» ብሏት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ጮኹ። «ግማሹ ገጽ የት ገባ? አድራሻችን የለ፣ ስልካችን የለ! ያ ዝምተኛ ጉድ ሠርቶን ሊሄድ ነው!»

«ቆይ አባዬ፣ እኔ ልየው።»

የገጹን ውስጥ ከፈተችው። ሠራተኛ ለሠራተኛ ማስታወሻ የሚተውበት ምልክት አለ፤ በመክፈቻውና በመዝጊያው መሃል ያለውን አንባቢ አያየውም። ዝምተኛው ከፍቶት መዝጋቱን ረስቷል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ተደብቋል።

«ከእኔ በኋላ ይህን ገጽ ለምትጠግን ወንድሜ፦ አረንጓዴውን አትቀይረው፤ መስኮቱ ሥር የምትሰፋው ልጅ የክሯ ቀለም ነው። ርዕሱንም አታሳንሰው፤ ከተቀመጠችበት ሆና እንድታነበው ብዬ ነው። ስትጠይቅህ ቀስ ብለህ መልስላት። እኔ አንድ ነገር ልነግራት ሦስት ወር ሙሉ»

እዚያ ላይ ይቆማል።

መዝጊያዋን ጻፈች። አድራሻው ተመለሰ፣ ስልኩ ተመለሰ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ምን ነበር?»

«አንዲት ምልክት» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝምተኛውም እንደወጣ ይቀር ነበር።

«አንብበው አባዬ።»

አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ?»

«እኔማ... ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መልሱን እያወቅሁ ነው የምጠይቀው።»

«ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ? የሚሄድበት አውቶቡስ አራት ሰዓት ነው የሚነሣው፤ ሩጪ!»

አንድ እግሩን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲያደርግ ደረሰችበት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ለወንድምህ የጻፍከውን አነበብኩት።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ምን?»

«ወንድም፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትቀራለህ?» አለ ሾፌሩ።

«እቀራለሁ» አለና ሻንጣውን አወረደ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ምልክት ያልሆነ ነገር ያወራት ጀመር። አውቶቡሱ ሄዶ አቧራው ሲበርድ፣ እሱ ገና የወሬው መግቢያ ላይ ነበር።