የዌንዴል ታኬት ቀበቶ

ዌንዴል ታኬት በሚሠራበት ድርጅት ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ወገቡ ላይ ራሱ የፈለሰፈውን ቀበቶ ታጥቋል፤ ቀበቶው የተሠራው ደግሞ ሰው እንዳይወድቅ ነው። በሃንትስቪል ከተማ ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ወጣ፦ የታኬት ቀበቶ ታኬትን ገደለው ተባለ።

መርማሪ ኦዴሳ ክሬንሾ ወሬ አትወድም፤ በተለይ ገና ሳይጀመር ያለቀ ወሬ። የሚያማትን ጉልበቷን እየረገመች ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቀበቶው ከጀርባ በኩል የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አለችው፤ በሳጥኗ ላይ ቀይ ቀስት ተስሏል። የቀስቱ ጫፍ ወደ ሟቹ ጫማ ያመለክታል። ኦዴሳ ፎቶ አስነሣችው፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ድርጅቱ መንግሥት ለአነስተኛ ድርጅቶች በሚሰጠው የምርምር ድጋፍ የሚኖር፣ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቤት ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሮኬት በሰማይ አቅጣጫውን እንዳይስት የሚመራ መለኪያ ነው። ሁለተኛው ያንኑ መለኪያ ወደ ሰው ወገብ ያወረደው ቀበቶ ነው። ዌንዴል በአንድ መድኃኒት ሰበብ የውስጥ ጆሮው ተጎድቶ ሚዛኑን መጠበቅ አቅቶት ነበር። እሱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቀበቶው ቀኙን፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል ግራውን ይነዝረዋል፤ እሱም ቀና ይላል። እንደ እሱ ያሉ በሽተኞችም ቀበቶውን ታጥቀው ከአልጋ ወርደው መራመድ ጀምረዋል። አሁን ግን ድጋፉን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደውሏል፦ ምርመራው እስኪያልቅ ቀበቶዎቹ ሁሉ ይሰብሰቡ፤ ጥፋቱ የቀበቶው ከሆነ ሥራው ለዘለዓለም ይዘጋ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ቀበቶውን ከዌንዴል ጋር የሠራችው ዶክተር ኮሪን ሃስኬል። ዓይኗ አብጧል።

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። ገዳይ መፈለጉ የእኔ ሥራ ነው» አለች ኦዴሳ። ከቦርሳዋ ትርፍ ቀበቶ አወጣች። «እስቲ ይሄን ወንበር ያስታጥቁልኝ። እንዴት እንደሚታሰር ማየት ፈልጌ ነው።»

ኮሪን ግራ እየተጋባች ወንበሩን አስታጠቀችው። ኦዴሳ ወንበሩን ፎቶ አነሣች።

«ዌንዴል ሁልጊዜ ይታጠቀዋል?»

«ሲቀመጥ አውልቆ ቻርጅ ያደርገዋል። ሳይታጠቅም መደገፊያ ይዞ ይሄዳል፤ ግን ማየት አለበት። እንደ እሱ ያለ ሰው የሚቆመው በዓይኑ ነው።»

«ቢጨልምበትስ?»

«እንደ ጆንያ ነው የሚወድቀው። ለዚህ እኮ ነው የደረጃው መብራት ቀንም ሌሊትም የማይጠፋው። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ኮሪን ትንሽ አመነታች። «ባለፈው ሳምንት ከሮይስ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የሮኬቱ መለኪያ ፈተናውን ወድቋል፤ ለመንግሥት የሄደው ሪፖርት ግን አልፏል ይላል። ከዚያ በላይ አልሰማሁም።»

የሟች ሚስት ናዲን ከኩሽናዋ ጠረጴዛ ጀርባ ቁጭ ብላለች። ጎረቤት ያመጣው የአሳማ ጥብስ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ኦዴሳ ቀበቶውን ስትሰጣት ባዶ ወንበር ሳበች።

«ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስታጥቀው» አለች። «ሌላው ሚስት ለባሏ ክራባት ታስራለች፤ እኔ ይሄን።» ወንበሩን አስታጥቃ ስትጨርስ፣ የባሏ ጀርባ ይመስል ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰችው። ኦዴሳ ፎቶዋን አንሥታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ስለ ሮይስ ምን ይሉኛል?»

«ሮይስ ላይ ክፉ አትናገሪብኝ! የሰርጋችን ሚዜ ነው። ከዌንዴል ጋር እኮ ከአንድ እናት የወጡ ነው የሚመስሉት።»

ሮይስ ሃምብሪክ የሮኬቱን ሥራ የሚመራ ረጅም ሰው ነው። ኦዴሳ ቢሮው ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ናዲን ነበር። «ምሳ በልታለች? ብቻዋን እንዳትተዪያት፣ አደራ።» እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ አንድም ስንጥቅ አልነበረም።

«የሆነውን ይንገሩኝ።»

«እዚሁ ነበርኩ። ድው ሲል ሰማሁ። ሮጥኩ፣ መብራቱን አበራሁ፣ ከታች ተዘርግቶ አየሁት። ያ ቀበቶ! ተው፣ ሰው በሮኬት መለኪያ አይራመድም ብዬው ነበር።»

«ይሄን ወንበር ቢያስታጥቁልኝ?»

ሮይስ ሳያየው፣ በአንድ ትንፋሽ አስታጠቀው።

«ልብስ ሰፊ ቢሆኑ ያዋጣዎት ነበር» አለች ኦዴሳ እያነሣች።

«ሠላሳ ዓመት ይሄን ሳጥን ሮኬት ላይ ሳስር ነው የኖርኩት። እጄ ራሱ ያውቀዋል።»

ከዚያ ወጥታ ደረጃውን ወረደች፤ ወጣች፤ እንደገና ወረደች። ማብሪያና ማጥፊያው ያለው ከላይ ብቻ ነው። አምፖሉ ደህና ነው፤ በዕለቱ መብራት እንዳልተቋረጠም አጣራች። እዚያው ታች ባለው የፈተና ክፍል መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን የሮኬት መለኪያዎች ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ ተመለከተች።

በማግሥቱ ሦስቱን በዚያው ክፍል፣ ከአለት በተሠራ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ዌንዴል ሲወድቅ ቀበቶውን አልታጠቀም ነበር» አለች። ኮሪን ቀና አለች። «ሳገኘው ቀስቱ ወደ እግሩ ዞሯል። ዶክተር፣ ተገልብጦ ቢታጠቅ ምን ይሆናል?»

«ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ግራውን ይነዝረዋል፤ ጭራሽ እሱ ራሱ ይጥለዋል። ዌንዴል እንዲያ ታጥቆ ከወንበር አይነሣም!»

«ስለዚህ ከወደቀ በኋላ ነው የታጠቀለት። መብራት ባለበት ደረጃ ለምን ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር፣ ጥፋቱ በቀበቶው ተላከከ። ማን አስታጠቀው?» ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ወይዘሮ ናዲን ቀስቱን ወደ ላይ አደረጉት። ዶክተርም ወደ ላይ። አቶ ሃምብሪክ ወደ ታች።»

ሮይስ ሳቀ። «ይሄ ነው ማስረጃሽ? ዶክተሮች ወደ ጭንቅላት ያደርጉታል፣ እኛ የሮኬት ሰዎች ወደ መሬት። ደንባችን ነው። ዌንዴልም የሮኬት ሰው ነበር፤ ራሱ ገልብጦት ይሆናላ!»

«ደንቡንማ መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ፤ ቀስቱ ሁሉ ወደ ወለል ነው። ግን ዌንዴል ቢገለብጠው ገና ከመነሣቱ ወገቡ ይነግረው ነበር። የሞተ ገላ ግን አይናገርም። ያስታጠቀው ሰው ተሳስተሃል የሚለው አላገኘም።»

የሮይስ ሳቅ ጠፋ።

«ደግሞም መብራቱን አበራሁ ብለውኛል።»

«አዎ፤ ታዲያስ?»

«ጠፍቶ ነበር ማለት ነዋ። ጨለማ የሚጥለው ሰው በጨለማ ደረጃ መውረድ አይጀምርም። ሲጀምር በርቶ ነበር፤ መሃል ላይ ሳለ ከላይ ጠፋበት። አልገፉትም፣ አቶ ሃምብሪክ። አንድ ጣት ብቻ ነው ያንቀሳቀሱት።»

ሮይስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሪፖርቱን ሊያወጣው ነበር» አለ። «ሐሙስ የመንግሥት ሰዎች ሲመጡ መለኪያው ፈተናውን እንደወደቀ እነግራቸዋለሁ አለኝ። እስር ቤት እኮ ነው! ና ታች ወርደን መለኪያውን ላሳይህ አልኩት፤ ቀበቶው ቻርጅ ላይ ነበር፤ ደረጃውን ቀድሞኝ ወረደ።»

ኦዴሳ ካቴናውን አውጥታ እጁን አሰረች።

«ቀበቶዎቹስ?» አለች ኮሪን በፍርሃት።

«ዛሬውኑ ለመሥሪያ ቤቱ እጽፋለሁ። ማንም አይሰበስባቸውም።»

ኮሪን ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ናዲን ግን እንባ አልነበራትም። ተነሥታ ሮይስ ፊት ቆመች።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ሳስታጥቀው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ሪፖርቱን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን በራሴ ስም አደርገዋለሁ አለኝ። ሮይስ ልጆች አሉት፤ እንደኔ ያለ ተንገዳጋጅ ሽማግሌ ማን ያስረዋል ብሎ ሳቀ። ስምህ እንዳይነሣ አስምሎኝ ነው እስካሁን አፌን የዘጋሁት።»

ሮይስ ቀና ብሎ አያት። «አልነገረኝም» አለ።

«ሊነግርህ እኮ ነው ከወንበሩ ተነሥቶ አብሮህ የሄደው» አለችው ናዲን።