ለሱ ብላ ያለሰለሰችው ፔዳል

ልብስ ሰፊው የመኪና ፍሪሲዮን የሚረግጠው የስፌት መኪናውን እንደሚረግጥ ነበር። ግራ እግሩ አያርፍም፤ ተረከዙን ተክሎ ጫፉን ያወዛውዛል፣ ጫፉን ተክሎ ተረከዙን ያነሳል። መኪናዋ እንደ ጠቦት ሁለቴ ትዘልና ሞተሯ ይጠፋል። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ይለቀዋል።

«አንተ፣ መንገዱን እየነዳህበት ነው ወይስ እየሰፋኸው?» አለችው መንዳት የምታስተምረው ልጅ።

«ጨርቅ ቢሆንማ እስካሁን ኮት ይወጣው ነበር።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቋ ተናደደች። ሰፈሩ «ምላጭ» የሚላት በከንቱ አልነበረም። ምላሷ የነካው ሰው መድማቱን የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

መንዳትም መጠገንም ያስተማራት የለም። አጎቷ የመንጃ ትምህርት ቤት ሲከፍት አሮጌዋን መኪና እናቷ ግቢ አቆመና «ዋ! እንዳትነኪያት» አላት። በማግሥቱ ፈታቻት። መልሳ ስትገጥም ቡሎን ተረፋት፤ አለቀሰች፤ እንደገና ፈታች። ምንም ሳይተርፋት የገጠመች ቀን ዓይኗን አብሳ አጎቷ ዘንድ ሄደችና «ቁልፉን ይስጡኝ፣ ጋሼ። ካሁን በኋላ የማስተምረው እኔ ነኝ» አለችው። ሰጣት። ምን ምርጫ ነበረው?

ተማሪ አታመሰግንም። «ከሷ አፍ ምስጋና ከመጠበቅ ከድንጋይ ቅቤ መናጥ ይሻላል» ይሏታል፤ እሷም ስትሰማ ደስ ይላታል።

አንድ ጠዋት መኪናዋን ጥግ አስይዛ ስትገሥጸው ልብስ ሰፊው ቃሏን ሳይሆን እጅጌዋን ሲያይ ያዘችው።

«ምን ታያለህ?»

«ተተርትሯል።»

መልስ ሳይጠብቅ ከደረት ኪሱ ክር የገባበት መርፌ አወጣ። እሷም፣ ለምን እንደሆነ አላወቀችም፣ እጇን ዘረጋችለት። በመኪናው ውስጥ ከክሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ ትንፋሹ የእጇ አንጓ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ያን እጅጌ አጥባው አታውቅም።

ተዋደዱ። መዋደዳቸው ግን ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ነበር፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቁታል። ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ሱቁን ሰው ረስቶታል። የሚመጣለት የሚጠብ ሱሪና የሚለጠፍ ጉልበት ብቻ ነው። እናቷም ወሬው ሲደርሳቸው አልጮኹም፤ አለመጮኻቸው ነው የከፋው።

«ልጄን ለባዶ መቀስ አልሰጥም» አሉ። «ደሞዝ ይያዝና ይምጣ። ያኔ እኔ ራሴ ወንበር እስብለታለሁ።»

አጎቷ መሐል ገባ። አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ሾፌር እየፈለገ ነበር። «መንጃ ፈቃድ አውጥቶ እዚያ ከተቀጠረ እናትሽን አሳምናለሁ» አላት። «ካልተቀጠረ ግን፣ የኔ ልጅ፣ እኔም ከእናትሽ ጋር ነኝ። ነገ ሳትበዪ አድረሽ እኔን እንድትረግሚኝ አልፈልግም።»

ልብስ ሰፊው ተፈተነና ወደቀ። ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞ ወደቀ። ድርጅቱ ምዝገባውን ሊዘጋ ነበር።

እሑድ ከሰዓት እናቷ ጎረቤት ሲሄዱ የመኪናዋን በር ከፍታ መሪው ሥር በጀርባዋ ተንጋለለች። ፍሪሲዮኑን የሚስበው ገመድ ፔዳሉ ላይ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለ። ወደ መዞሪያው አስጠግታ ሌላ ቀዳዳ በሳችና ገመዱን ወደዚያ አዛወረች። በግራሶ አራሰችው። ከተጣለ የበር ሞላ ቆርጣ ደግሞ እግር የሚያግዝ ትንሽ ሞላ ጨመረችበት። ከዚያ ተነሥታ በባዶ እግሯ ረገጠችው።

የበፊቱ ፔዳል ቁጡ ነበር። ሞተሩ ጎማውን ቀስ ብሎ የሚይዝባት ቦታ የጣት ስፋት ብቻ ነበረች፤ እዚያች ላይ የቸኮለ ሞተር ያጠፋል። አሁን ያች ቦታ መዳፍ አከለች። ቢያወዛውዙት፣ ቢደነግጡበት፣ ቢሳሳቱበት ይቅር የሚል ፔዳል ሆነ።

«እግሩ እስኪለምድ ነው» አለች ለራሷ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ምስክር አይጠራም።

በማግሥቱ መኪናዋ እንደ ዘይት ፈሰሰች። አንዴም አልዘለለች፣ አንዴም አልጠፋች። ልብስ ሰፊው መሪውን ይዞ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ።

«ምን ተደረገ?»

ያኔ ብትነግረው ኖሮ ይስቁበት ነበር። ፊቱን አየች። እንዲህ ሲያበራ አይታው አታውቅም።

«እግርህ ገባው» አለች። ቀጥሎም ለማንም ያላለችውን ቃል አለች፤ «ጎበዝ።»

መኪናዋን ራሱ ጥግ አስያዘና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር» አለ። «አንቺ ግን ለሰው ብለሽ አትዋሺም።»

ከዚያ በኋላማ እንዴት ትንገረው? በየቀኑ ልትነግረው ትነሣለች፤ በየቀኑ ያ የሚያበራ ፊት ይቀድማታል። ፈተናው ተማሪው በተማረባት መኪና ስለሆነ በዚያችው ነድቶ አለፈ። እናቷ ወንበር ባይስቡለትም «ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉት። እሱም ለሠርጓ የሚሆን ጨርቅ መርጦ ነበር፤ ልኳን በዓይኑ ወስዶ፣ ሜትር እንኳ ሳያወጣ።

ድርጅቱ ግን ማንንም በወረቀት አይቀጥርም። አመልካቹን በራሱ ጭነት መኪና፣ በራሱ ግቢ፣ ዳገት ላይ አቁሞ ያስነዳል።

የዚያን ዕለት መኪናዋን እያጠበች ሳለ በእግሩ መጣ። አቧራ ለብሷል።

«እ? ምን አሉህ?»

«ዳገቱ ላይ ጠፋብኝ። ደገምኩ፤ ጠፋብኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ የበሩን ምሰሶ ገጨሁ። ሾፌሮቹ ተሳሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ‹መንጃ ፈቃዱን ከገበያ ነው የገዛኸው?› አለኝ።»

«የነሱ ፍሪሲዮን ጠንካራ ስለሆነ…»

«ሌሎቹ ሁሉ ነድተውት ወረዱ።»

የመኪናዋን በር ከፈተ። ተንበርክኮ ፔዳሉን በእጁ ተጫነው፣ ለቀቀው፣ እንደገና ተጫነው። ጨርቅ እንደሚዳስስ ዳሰሰው። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ ላይ አየ። አዲሱ ቀዳዳ ዙሪያው ገና ያብረቀርቃል።

«ይሄን ማን በሳው?»

«እኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጠይቆ ሳይጨርስ ቀኑን ራሱ አገኘው፤ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔን አይደለማ ያስተማርሽው» አለ። «መኪናዋን ነው ያስተማርሻት።»

«አንተስ ደንበኞችህ ሱሪያቸው ሲጠባቸው ‹ታጥቦ ነው የጠበበው› ትላቸው የለ? ማን ‹ወፍረዋል› ይላል?»

«እነሱ መወፈራቸውን ያውቁታል፤ እየተሳሳቅን ነው። እኔ አላወቅሁም።»

እዚህ ላይ ማልቀስ ትችል ነበር። «እንዳላጣህ ብዬ ፈርቼ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ አራት ቃል ናት። ነገር ግን ሲነኳት መቁረጥ ብቻ የለመደ ምላስ ነው ያላት።

«እኔ ባላለሰልሰውማ ኖሮ ዛሬም በራችን ላይ ስትዘል በዋልክ ነበር!»

ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን አራገፈ። በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ቢያላትመው በተሻላት።

አጎቷ ቃሉን አላጠፈም፤ ከእናቷ ጎን ቆመ። እናቷም «አላልኩሽም?» እንኳ አላሏት። እሷ ሞላውን ነቅላ ጣለች፤ ገመዱን ወደ ድሮ ቀዳዳው መለሰች። ፔዳሉ እንደ ድሮው ተቆጣ። ከዚያ ሱቁ ሄደች።

የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ አራት የእግር ጠባሳ ቀርቷል። ልብስ ሰፊው ሻንጣ እያሰረ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ሌላ ከተማ። የልብስ ፋብሪካ ወስዶኛል። ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ መስፋት ነው፤ የኪሱን ባለቤት አላየውም።»

«ፔዳሉን መለስኩት። ና፣ ከሀ ጀምሬ ላስተምርህ። በደንብ። ብትዘል ብትጠፋ ምንም አልልህም።»

«አልተቀየምኩሽም እኮ» አለ። ይህን ሲል ነው ሁሉም ነገር ማለቁ የገባት፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ቀን ‹ጎበዝ› ያልሽኝ… እውነትሽን ነበር?»

ሰው ሁሉ የሚፈራው ምላስ አንድ ቃል አጣ። «አዎ» ብትል ውሸት ነው። «አይደለም» ብትል የሱን ጥቂት የደስታ ሳምንታት ሁሉ ከሥሩ መተርተር ነው። ዝም አለች፤ እሱም መልሱን ከዝምታዋ ቆርጦ ወሰደ።

መናኸሪያ ላድርስህ ስትለው እምቢ አላለም። የመኪናዋ በር ላይ ሲደርሱ ግን «እኔ ልንዳ» አለ።

ነዳ። መታጠፊያው ላይ ጠፋበት። ገበያው መሐል ጠፋበት። እግሯን ለአስተማሪ ከተገጠመው ከራሷ ፔዳል ላይ አንሥታ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ደበቀች፤ አልረዳችውም፣ አልገሠጸችውም። ከመናኸሪያው በታች ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ፊታቸው የነበረው መኪና ቆመ። እነሱም ቆሙ። ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ። እግሩ ጸጥ አለ፤ ካወቀችው ጊዜ ጀምሮ ያ እግር እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በዚያ ቁጡ ፔዳል ላይ፣ በዚያች የጣት ስፋት ቦታ ላይ፣ መኪናዋ ሳትንቀጠቀጥ፣ ጋት እንኳ ሳትንሸራተት ወደ ላይ ወጣች።

ዞሮ አያት። «ጎበዝ» አፏ ላይ መጣ፤ የዛሬው እውነት ነበር። ግን በሰጠችው ብቸኛ የምስጋና ፍርፋሪ ላይ ራሷ መርዝ ነስንሳበታለች፤ ብትለውም «ልታስደስተኝ ነው» ይላል። ዋጠችው።

እሱም ፊቱን መለሰ። «ይኸው፣ ዛሬስ አልዋሸሽኝም» አለ በቀስታ። «አሁንም እንዳልቻልኩ ከዝምታሽ አወቅሁ። አመሰግናለሁ።»

«አይ፣ እኔ…»

የአውቶቡሱ ሰው የመጨረሻ መንገደኞችን እየጠራ ነበር። ሻንጣውን አንሥቶ ወረደ። ሲሄድ ወደ ኋላ አልዞረም፤ ምናልባት እያለቀሰ እንዳታየው ይሆናል።

አውቶቡሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻገረች። ወንበሩ ገና ይሞቃል፤ ለረጅም እግሮቹ ብሎ ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር። ወደ ፊት ለመሳብ እጇ አልታዘዝላት አለ። በእግሯ ጣት ጫፍ ፍሪሲዮኑን ነክታ ስትለቅ መኪናዋ ሁለቴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

ከኋላዋ አንድ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እህቴ! ሳትማሪ ምን ልሁን ብለሽ ነው የወጣሽው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሰው መሪውን ጥሎ እስኪሮጥ ድረስ መልሱን ታስይዘው ነበር። አሁን ግን በመስታወቱ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«እውነትህን ነው» አለች።