የምታውቂውን ወፍ ፈልጊ

መጋረጃ ሰፊዋ የወፍ መጽሐፍ ልትገዛ ሱቁ ስትገባ፣ ከዶሮ ሌላ ስሙን በእርግጠኝነት የምትጠራው ወፍ ቁራና እርግብ ብቻ ነበር። ይህንንም አልደበቀችም።

«የወፍ መጽሐፍ አላችሁ?» አለች፣ ክር እንደምትጠይቅ ሁሉ።

መጽሐፍ ሻጩ መሰላል ላይ ቆሞ መደርደሪያ ይወለውላል። «የቤት ነው የዱር?»

«የዱር። መስኮት ላይ የሚመጣ፣ ምንነቱ የማይታወቅ።»

«እንደሱ ያለ ወፍ የሚያሳውቁ ሦስት መጻሕፍት አሉን» ብሎ ወደ ታች ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ቶሎ ብላ መደርደሪያው ላይ አፈጠጠች። እሱ የመጨረሻውን የመሰላል እርከን ስቶ ለትንሽ ከመውደቅ ተረፈ። ሌላውን ሰው ፍቅር በግጥም ይጀምረው ይሆናል፤ እሱን በመደናቀፍ ጀመረው።

ሦስቱም መጻሕፍት በላስቲክ ተጠቅልለዋል። የሱቁ ባለቤት ባለሥዕል መጽሐፍ ሳይሸጥ እንዳይከፈት አጥብቀው ይከለክላሉ። ሻጩ ግን የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሩ አስነስቶ፣ እጅ እንዳልነካው አድርጎ መልሶ መለጠፍ ተክኖበታል።

«ይሄ በፎቶ ነው። ይሄ በእጅ የተሳለ። ትንሹ ኪስ ይገባል፤ ግን ወፎቹን ለማየት ራሱ መነጽር ይፈልጋል።»

«ወፍ የማያውቅ ሰው ታዲያ እንዴት አድርጎ ይመርጣል?»

«የምታውቂውን ወፍ ፈልጊ። መጽሐፉ እሱን በትክክል ካሳየሽ፣ የማታውቂውንም አምነሽ ትቀበይዋለሽ።»

ቁራን ፈለገች። ፎቶው ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ስለተነሳ ቁራው ቡናማ መስሏል። «ይሄንን ደግሞ ማን አሳረረው?» አለች፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። 

«ለማን ነው?» አለ እሱ።

«ለአባቴ። መራመድ አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ነው። ‹ጎረቤቶቼን ስማቸውን ሳላውቅ እስከ መቼ ሰላም እላለሁ?› እያለ ይነጫነጫል። መጋረጃ እንኳ አላሰቅልም ብሏል። የስፌት ቤታችን ሠራተኞች ‹የመጋረጃ ሰፊ ቤት፣ መስኮቱ ራቁቱን› እያሉ ይስቁብኛል።»

«እንግዲያው አትቸኩይ። መጀመሪያ ወፎቹን በደንብ አይተሽ ነይ። መንቁራቸውን፣ ጅራታቸውን፣ አረማመዳቸውን። ከዚያ አብረን እንመርጣለን።»

ምክሩ እውነት ነበር። ተመልሳ እንድትመጣ የተሸረበ ተንኮልም ነበረበት።

ተመልሳ መጣች። ከዚያም በሰበብ አስባቡ ትመጣ ጀመር። የምሳ ሰዓቷን ቆርሳ፣ ፀጉሯ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ ትደርስና «ዛሬ ያየሁት ከእርግብ ይበልጣል፣ ከቁራ ያንሳል፣ ሲሄድ ይዘላል» ትለዋለች። እሱ ላስቲኮቹን ይከፍታል፤ ሁለቱም ገጹ ላይ ያጎነብሳሉ። አንድ ቀን ከፀጉሯ ላይ ክሩን አነሳላት፤ ወረቀት ቅርጫቱ ውስጥም አልጣለውም። አይታ እንዳላየች ሆነች። ስፌት ቤት ስትመለስ ግን የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጣ ሰፍታ ተገኘችና መሳቂያ ሆነች።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ተራ ጥያቄ ነው። «አባትሽ ምን ሆነው ነው?» አላት።

«የጭነት መኪና ተገልብጦ። ከድልድዩ ማዶ ያለው መታጠፊያ ላይ። አባቴ መካኒክ ነበር፣ ወንድሜ ረዳት። ወንድሜ እዚያው ቀረ። ሾፌሩ ‹እንደር› ሲሉት ‹አልደከመኝም› ብሎ መሪው ላይ አንቀላፋ።»

ሻጩ ሊገልጠው የያዘው ገጽ እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሾፌሩ አባቴ ነው» አለ።

 ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።  ያንን ሾፌር እንድትጠላው ተደርጋ ነው ያደገችው፤ ልጅ ይኑረው አይኑረው ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

ለረጅም ጊዜ ጠፋች። የመለሳት ይቅርታ ወይም ብስለት አልነበረም። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ጅራቱን እንደ መቀስ የሚከፍት ወፍ አየችና የምትነግረው ሰው አጣች። ሆድ ባሳት። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቆማ «ጅራቱ መቀስ ይመስላል» አለችው፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«አባቴ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም» አለ እሱ። «እኛ ጋ ስለሱ አይወራም። ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ወሬ የለም።»

ተዋደዱ። ምን ይደረግ! እሱ ሊያገባት ይፈልጋል፣ እሷም ትፈልጋለች፤ የአባቷን ፊት ስታስብ ግን ምላሷ ይታሰራል።

ተስፋ የሰጧት ሁለት ወፎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ደፍ ላይ ይመጣሉ። አንዱ ጥቁር ነው፣ ላባው የሚያብለጨልጭ። ሌላው ቡናማ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር። አባቷ ፍርፋሪ እየበተነላቸው ያያቸዋል።

«እስቲ እያቸው» አላት አንድ ቀን። «ወገናቸው ለየቅል ነው። ግን አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይበላም። ምን እንዳለፈ አይጠያየቁም። እኛ ሰዎች ይሄን አልቻልንበትም።»

ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል ከሰማች ዘመን አልፎ ነበር።  ምሳ ሰዓት እስኪደርስ መርፌው ሁለቴ ወጋት።

«መጽሐፉን ልስጠውና ደስ ሲለው ስለ እኛ እነግረዋለሁ» አለችው ሻጩን፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «‹አንተው ራስህ ወገናቸው ለየቅል ነው፣ ግን አይለያዩም አላልክም ወይ?› እለዋለሁ። ምን ይመልሳል?»

እሱ አልሳቀም። በእጅ የተሳለውን መጽሐፍ ሳብ አድርጎ አንድ ገጽ ገለጠላት። ጥቁሩና ዝንጉርጉሩ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተስለዋል። ከሥራቸው አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ ከጥቁሩ አጠገብ «ወንድ»፣ ከቡናማው አጠገብ «ሴት» ይላል።

«አንድ ወገን ናቸው» አለ። «ትናንት ነው ያገኘሁት።»

በጣቷ ወደ ሌላው መጽሐፍ አመለከተች። «ባለፎቶውስ?»

«ባለፎቶው ላይ ያለው ጥቁሩ ብቻ ነው። ሴቷ የለችበትም።»

«እንግዲያው ባለፎቶውን ጠቅልልልኝ።»

«በእጅ የተሳለው ነው ለአባትሽ የሚሆነው።»

«ለእኛ የሚሆነው ግን ያኛው ነው! አንድ ጊዜ እንኳ ለራስህ ብታስብ ምን አለበት?» ድምጿ ከፍ ብሎ ሌላ ገዢ ዞሮ አያት።

«አባቴ ‹አልደከመኝም› ብሎ አንድ ጊዜ ዋሽቷቸዋል» አለ እሱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከእኛ ቤት ሁለተኛ ውሸት ወደ አባትሽ አይሂድ።»

ከልቧ የወደደችው ያን ጊዜ ነው። ሊያመልጣት እንደሆነም ያኔውኑ ተሰማት። በእጅ የተሳለውን ይዛ ወጣች።

አባቷ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገና ከመክፈቱ ሁለቱን ወፎች ፈለገ። የሚያውቃቸው ወፎች እነሱ ብቻ ነበሩና። ሲያገኛቸው እንደ ልጅ ጮኸ።

«ነይ እዪ! ባልና ሚስት ኖረዋላ! እኔ ሞኙ ደግሞ ባዳ ለባዳ መስለውኝ ስደነቅ!» እስኪያስለው ሳቀ። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። «ማነው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የመረጠልሽ? ሰው ነው ይሄ።»

መዋሸት ትችል ነበር። የሻጩ ቃል ግን ጆሮዋ ላይ ነበር።

«የሾፌሩ ልጅ ነው፣ አባዬ። መጽሐፍ ሻጭ ነው። እወደዋለሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ደፉ ላይ ጥቁሩ ወፍ ፍርፋሪ ይለቅማል፤ አባትና ልጅ ወፉን ማየት ያዙ።

«አንተ ራስህ አይለያዩም አላልክም?» አለች፣ ከንቱ እንደሆነ እያወቀች።

«ተሳስቼ ነበራ» አለ አባቷ። «አንድ ወገን ናቸው። መጽሐፉ ነው የሚለው።»

አልጮኸባትም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቆይቶ መጽሐፉን በመዳፉ ደባበሰና «ጥሩ መርጧል። በደል የለበትም፣ አውቃለሁ» አለ። «ግን ያ ልጅ እዚህ ገብቶ ‹አባባ› ቢለኝ፣ እኔ የምሰማው ወንድምሽ እንዲያ ብሎ ሲጠራኝ ነው። አልችለውም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፣ አልረግምሽም።»

ከዚያ እጆቹን ዘረጋ። አልጋው ላይ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ጎንበስ ብላ በብብቱ ያዘችውና እንደ ወትሮው ደረቷ ላይ አስደግፋ ከወንበሩ አነሳችው። ከሷ ሌላ የሚያነሳው ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግስቱ ሱቁ ስትሄድ ሻጩ ገና ከፊቷ ገባው። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ሁለቱን አገኛቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«መጀመሪያ የፈለገው እነሱን ነው።»

«ደስ አለው?»

«ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።»

ራሱን ነቀነቀ።  በሩ ድረስ ሸኝቷት፣ ትከሻዋ ላይ የቀረ ክር አነሳ። ይህንንም አልጣለውም። ወሩ ሳያልቅ ሱቁን ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ፍለጋ ልትሄድ ተነስታ የተቀመጠችባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

መጽሐፉ ዛሬ ጠርዙ ተበልቷል። አባቷ የጎረቤቶቹን ስም ሁሉ አጥንቷል። ጠዋት ጠዋት «ነይ እዪ» ይላታል፤ ታያለች። ሻይ ቀድታ፣ ፍርፋሪ በትና፣ ወንበሩን ወደ ብርሃን አዙራ ወደ ስፌቷ ትሄዳለች። አይጣሉም። ስለ ሾፌሩ ልጅ ግን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

በቀደም በምሳ ሰዓት እግሯ ወደ ሱቁ ወሰዳት። መሰላሉ እዚያው አለ። አዲስ ሻጭ ተቀምጧል። በእጅ የተሳለውን የወፍ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዳ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሯ ነካ አደረገች።

«እሱን መክፈት አይቻልም፣ እህት» አላት።

«የማውቀው ወፍ ነበር። እሱን ልየው ብዬ ነው።»

«ከገዛሽው ታዪዋለሽ።»

መጽሐፉን በሁለት እጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቦታው መለሰችውና አባቷን ለማንሳት ወደ ቤት ሄደች።