አይጥ የበላው ዜማ

የቤተ ክርስቲያኑ ቁም ሣጥን ባዶ ነው።

የስቅለት ዋዜማ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የመዘምራን መሪዋ ወይዘሮ ጉንዱላ በሩን ከፍታ ስትጮህ የጀርመኗ የሳክሰን ምድር በሙሉ ደነገጠ። የጥንቱ ዜማ ደራሲ የክሬችማን የሕማማት መዝሙር የለም! መላእክት እንኳ ቢሰሙት ወንበር ለምነው የሚቀመጡለትን፣ ሦስት መቶ ዓመት የተረሳውን ዝማሬ፣ አይጥ ከቦጫጨቀው ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ለቅማ፣ ለዘማሪ እንዲመች አድርጋ በእጇ የጻፈችው እሷ ናት።

በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ደግሞ መዝሙሩ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ፕሮፌሰር አንስጋር ፎን ቲሌ»። ይባስ ብሎ ሰውዬው በጋዜጣ «ሴትዮዋ ናት ከእኔ የሰረቀችው» አለ። የእጅ ጽሑፏ ካልተገኘ ሌባ ተብላ መቅረቷ ነው!

የኢንስፔክተር ሮስቪታ ኒቸ ደም ፈላ። የእሷን አፍንጫ የሚስተካከል በዓለም የለም፤ ሌባ ገና ሲያስብ ታስነጥሳለች። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ አፋጠጠች።

«ጋሽ ኤግበርት፣ እነዚያን ወረቀቶች አቃጥላለሁ ብለህ አልማልክም?»

«ምያለሁ፤ አይጥ ይጠሩብኛላ! ግን እኔን ትጠረጥሪያለሽ? በክርስትናሽ ቀን ውሃ የቀዳሁልሽን?»

«ማክሰኞ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

ኤግበርት አቀረቀረ። «ፕሮፌሰሩ፣ አምና ሊያነብ ሲመላለስ እንደለመደው፣ ለአምስት ደቂቃ አውሰኝ አለኝ። ከረባት ያሰረ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?»

ሮስቪታ አስነጠሳት።

ፕሮፌሰሩ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በክብር እንግድነት ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ከወይዘሮ ጉንዱላ ምንም አልገለበጡም?» አለችው ሮስቪታ፣ ጉንዱላና ኤግበርት አጠገቧ ቆመው።

«እኔ? ከዋናው ወረቀት ነው፤ በገዛ ዓይኔ!»

«የሦስተኛውን ዝማሬ መጨረሻም?»

«እያንዳንዷን ኖታ!»

ሮስቪታ መጽሐፉን ገልጣ የግርጌ ማስታወሻውን አነበበች። «‹ደራሲው እዚህ ላይ በየቀኑ ይሰማቸው የነበሩትን የዚህን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ደወሎች ቀድቷል።› የእርስዎ ቃል ነው?»

«ትልቁ ግኝቴ!»

የኤግበርት ሳቅ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። «ደወሎቹ እኮ የእኔ እኩዮች ናቸው፣ ጌታዬ! የድሮዎቹን በጦርነቱ ጊዜ አቅልጠው መሣሪያ ሠርተውባቸዋል!»

«እዚያ ቦታ ላይ ዋናውን ወረቀት አይጥ በልቶታል፤» አለች ጉንዱላ። «ቀዳዳውን በደወሎቻችን ዜማ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ አመድ መሰለ። ሮስቪታ ስትፈትሽ የጉንዱላ የእጅ ጽሑፍ ከመኪናው ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር ወጣ።

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ብሎ ፈነዳ። «ሃያ ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን አንዲት የገጠር ዘማሪ አገኘችው! በእሷ ስም ቢወጣ ማን ያምነው ነበር?»

ጉንዱላ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬውን «አንቱ» ብላ እንጂ ጠርታው አታውቅም።

«አንተ አምነሃል፤» አለችው። «አንዲት ኖታ እንኳ ሳታርም ነው የገለበጥከኝ።»